ኦርጋኒክ ምግብ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ፦ ስሙ፣ ማስረጃውና የሸማቹ ጥያቄ

በአዲስ አበባ እንቁላል የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዋጋ ይነገረዋል፤ አንዱ የሐበሻ፣ ሌላው የፈረንጅ። የሐበሻው መጠኑ አነስ ያለ ሆኖ ሳለ ዋጋው ይበልጣል፤ ገዢውም ብዙ ሳይከራከር ይከፍላል። ምክንያቱን ቢጠየቅ ዶሮዋ በግቢ ውስጥ እየጫረች የምታድር መሆኗን፣ መድኃኒት ያልገባባት መሆኑን፣ የአስኳሉንም ቢጫነት ያነሳል። ይህ ሰው «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ የሚፈልገው ነገር ግን በሌላው ዓለም በዚህ ስም ከሚሸጠው ብዙም የራቀ አይደለም። የሚጎድለው፣ የገዛው እንቁላል በእርግጥ እንደተባለው መሆኑን የሚያረጋግጥለት አካል ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ክፍተት ላይ ነው። በከተሞች ሱፐርማርኬቶች እየበዙ ሲመጡ የብዙ ቤተሰቦች የምግብ ምንጭ ቀስ በቀስ ከጉልት ወደ መደርደሪያ በመሸጋገር ላይ ይገኛል። ጉልት ላይ ሻጯንና ደንበኛዋን ትውውቅ ያገናኛቸዋል፤ ጎመኑ ከየት እንደመጣ ትጠየቃለች፣ እውነትም ይሁን ሐሰት መልስ ትሰጣለች። በመደርደሪያ ፊት ግን የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለሆነም ታካሚዎች «የትኛውን ልግዛ?» ብለው ሲጠይቁ የጤና ባለሙያው ምን ሊመልስ እንደሚገባ፣ ሱፐርማርኬቶችም ጤናማና ዘላቂ በሆነ መንገድ የተመረተ ምግብ በብዛት እንዲይዙ በምን መንገድ ማበረታታት እንደሚቻል መመልከቱ ተገቢ ይሆናል።

ስያሜው ምንን ያመለክታል?

«ኦርጋኒክ» የሚለው ስያሜ የሚሰጠው ለአመራረቱ ሂደት እንጂ ለምርቱ ይዘት አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የኮዴክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይጠቀሙ፣ የአፈሩን ለምነት በኮምፖስት፣ በፍግና ሰብልን በማፈራረቅ እየጠበቁ የማምረት ሥርዓት ነው። አምራቹ ሥርዓቱን መከተሉ በሌላ ወገን ተመርምሮ ሲረጋገጥ ስያሜውን በመለያው ላይ ለመጻፍ መብት ያገኛል። በኢትዮጵያም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሆኖም የሸማቹ ዐይን የለመደው አገራዊ የኦርጋኒክ ምልክት በሱፐርማርኬት መደርደሪያዎች ላይ አይታይም።

ይህ ማለት በአገሪቱ የተረጋገጠ ኦርጋኒክ ምርት የለም ማለት አይደለም። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያለው ቡና ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። ምስክር ወረቀቱ የሚሠራውና ወጪው የሚሸፈነው ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ስለሚጠይቀው ነው። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዓመታት ተከልክሎ መቆየቱም ሲታሰብ፣ የጅማ ወይም የይርጋጨፌ ቡና በሀምቡርግ ሱፐርማርኬት የኦርጋኒክ ምልክት ለብሶ ሲሸጥ፣ በአዲስ አበባው ሱፐርማርኬት «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ የሚነበበው በአመዛኙ ከውጭ በገቡ የታሸጉ ምግቦች ላይ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም። የጠየቀ ያገኛል፤ የአገር ውስጥ ሸማች ገና አልጠየቀም።

ብዙ ጊዜ «የእኛ ገበሬ ድሀ ስለሆነ ምርቱ በራሱ ኦርጋኒክ ነው» የሚል አባባል ይሰማል። ለአንዳንድ የጥራጥሬና የቅባት እህሎች፣ በደን ውስጥ ለሚበቅል ቡናና ለማር ይህ አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ለገበያ በመስኖ ለሚመረት አትክልት ግን ፈጽሞ አይሠራም። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በመቂና በዝዋይ አካባቢ የሚመረተው ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት ተደጋግሞ የሚረጭ ሰብል ነው። የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ እየቦረቦረ የሚያጠፋው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ መኖሩ ከተረጋገጠ ወዲህ ደግሞ የርጭቱ ብዛት ጨምሯል። በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ገበሬዎች የተለያዩ ኬሚካሎችን በአንድ ላይ ይቀላቅላሉ፤ በመጨረሻው ርጭትና በለቀማው መካከል ሊቆይ የሚገባውን ጊዜም ብዙዎች አይጠብቁም። ዋጋ ጥሩ በሆነበት ቀን ደላላው መኪና ይዞ ሲመጣ፣ ትናንት የተረጨው ቲማቲም ዛሬ ይለቀማል።

ማስረጃው ምን ይላል?

ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገር ይዘቱ ይበልጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ ኦርጋኒክ ምግብ በቫይታሚንም ሆነ በማዕድን ይዘቱ በግልጽ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ 343 ጽሑፎችን የመረመረ ሌላ ግምገማ በብሪታንያ የሥነ ምግብ መጽሔት ታትሞ፣ ኦርጋኒክ ሰብሎች በፀረ ኦክሲዳንት ይዘታቸው ከፍ፣ በካድሚየም መጠናቸው ዝቅ ያሉ መሆናቸውን ገልጿል። ሁለቱ ግምገማዎች በንጥረ ነገር ጉዳይ ባይስማሙም በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ የፀረ ተባይ ቅሪት በኦርጋኒክ ምርት ላይ የሚገኘው በእጅጉ አልፎ አልፎ ነው። ሁለተኛው ግምገማ በተለመደው መንገድ በተመረተው ላይ ቅሪት የመገኘቱ ዕድል በአራት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አስልቷል። የመጀመሪያው ደግሞ በዶሮና በአሳማ ሥጋ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ አንቲባዮቲኮችን የተላመዱ ባክቴሪያዎች በኦርጋኒኩ ላይ ያነሱ መሆናቸውን ጠቁሟል። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጥበት፣ ለዶሮ እርባታም እንደልብ በሚገዛበት አገር ላሉ ሐኪሞች ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከቫይታሚኑ ክርክር ይልቅ የሚያሳስብ ነው።

ቅሪቱ ወደ ሰውነት መግባቱን በተመለከተ በሲያትል አካባቢ በሚኖሩ 23 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹ ለአምስት ተከታታይ ቀናት የተለመደው ምግባቸው በኦርጋኒክ ሲተካ፣ ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ የተባሉት ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባዮች ተፈጭተው በሽንት የሚወጡት ውሕዶች መሣሪያው ሊያገኘው ከሚችለው መጠን በታች ወረዱ፤ ወደ ቀድሞው ምግብ ሲመለሱ ውሕዶቹም ተመለሱ። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ ሕመምንም አልለካም። ነገር ግን ለነዚህ ልጆች ዋነኛው የኬሚካሉ መግቢያ በር ምግብ መሆኑን በማያሻማ ሁኔታ አሳይቷል። ክሎርፓይሪፎስ በሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ላይ ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከጥቅም ውጪ አድርጎታል።

ወደ ካንሰር ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፈረንሳይ 68,946 ጎልማሶችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ ኦርጋኒክ ምግብ አዘውትረው የሚመገቡት በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ25 በመቶ ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው ሲዘግብ፣ በብሪታንያ ከ600,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት በአጠቃላይ የካንሰር መጠን ላይ ልዩነት አላየም። ኦርጋኒክ የሚገዙ ሰዎች በአብዛኛው የተሻለ ገቢና ትምህርት ያላቸው፣ ብዙም የማያጨሱ ሰዎች በመሆናቸው ልዩነቱ ከምግቡ ይምጣ ከአኗኗራቸው ለመለየት አዳጋች ነው። ስለዚህ «ኦርጋኒክ ካንሰርን ይከላከላል» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ ነጋዴ ከማስረጃው በላይ ተናግሯል፤ ይህን ደግሞ የጤና ባለሙያው ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ100 ጎልማሶች ከ95 የሚበልጡት ከሚመከረው መጠን በታች እንደሚመገቡ አሳይቷል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሰዎችን ስለ ኬሚካል በማስፈራራት ቲማቲም እንዲቀንሱ ማድረግ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በሚፈስ ውኃ በሚገባ ማጠብ ከላይ ያለውን ቅሪት በከፊል ያስወግዳል፤ ወደ ተክሉ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣም። ቅሪት ያለበትን አትክልት አጥቦ መብላት ጨርሶ ካለመብላት የተሻለ መሆኑን ታካሚው ሊነገረው ይገባል።

የሚረጨው ሰው

ስለ ኦርጋኒክ ምግብ ሲነሳ ውይይቱ ሁልጊዜ በተመጋቢው ዙሪያ ይሽከረከራል። ከፍተኛውን መጠን የሚቀበለው ግን መርጫውን በጀርባው ያዘለው ገበሬ ወይም የቀን ሠራተኛ ነው። ኦርጋኖፎስፌቶች በነርቭና በጡንቻ መካከል መልእክት የሚያስተላልፈውን አሴቲልኮሊን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳሉ። አሴቲልኮሊኑ ሲጠራቀም ምራቅና ላብ ይበዛል፣ የዐይን ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፤ አትሮፒን በጊዜው ካልተሰጠ ትንፋሽ ይቆማል። በድንገተኛ ክፍል የሚታየው ከባድ መመረዝ በአብዛኛው ሆን ተብሎ የተጠጣ ነው። ያለጓንትና ያለመሸፈኛ ሲረጭ ውሎ ማታ ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው ሠራተኛ ግን ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም፤ ቢሄድም ሕመሙ በሌላ ስም ሊመዘገብ ይችላል።

በዚህ ረገድ ከስሪላንካ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ይገኛሉ። ያቺ አገር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ፀረ ተባዮች አንድ በአንድ እየመረጠች ከገበያ አወጣች፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ራስን በማጥፋት የሚከሰተው ሞት በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የእርሻ ምርቷም አልተጎዳም። ይኸው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያና የእርሻ ኬሚካል በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ ሲከለክል ግን የሩዝና የሻይ ምርት አሽቆለቆለ፤ ክልከላውም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ገደማ ተነሣ። የመጀመሪያው እርምጃ በጥናት የተመረጠና ቀስ በቀስ የተወሰደ ነበር፤ ሁለተኛው ገበሬውን ያለ ዝግጅት የጣለ ነበር።

ዝግጅት ሲኖር የሚገኘው ውጤት በኢትዮጵያም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረውና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የመሩት ሥራ፣ ገበሬዎች ኮምፖስት እንዲያዘጋጁና የተጎዳውን መሬት እንዲያስተካክሉ የሚያግዝ ነበር። ከገበሬዎች ማሳ የተሰበሰበው መረጃ በኮምፖስት የተገኘው ምርት ምንም ካልተጨመረበት መሬት በእጅጉ የላቀ፣ ከፋብሪካ ማዳበሪያውም ያላነሰ መሆኑን አመልክቷል። ኮምፖስት ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ ያን ጉልበት የሚከፍል ገበያ ከሌለ ገበሬው ለዘለቄታው አይገፋበትም። ሱፐርማርኬቱ ወደ ጉዳዩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ኦርጋኒክ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳርቻ ለብዙ ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲመረት ኖሯል። ከአምራቾቹ መካከል ኬሚካል የማይረጩ ሊኖሩ ይችላሉ። ይሁንና ወንዙ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ የሚቀበል በመሆኑ በቅጠላ ቅጠሎቹ ላይ ከባድ ብረቶች፣ ከነዚህም መካከል ካድሚየምና ሊድ መገኘታቸውን ጥናቶች አሳይተዋል። ከባድ ብረት በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወገድም። በዚህ ውኃ የለማ ቆስጣ «ያለ ኬሚካል የተመረተ» ተብሎ ቢሸጥ ቃሉ እውነት፣ ምግቡ ግን ጎጂ ሊሆን ይችላል። በተመሳሳይ መንገድ ያልበሰለ ፍግ የአንጀት ተባይ እንቁላልና ባክቴሪያ ይዞ ወደ ሰላጣው ይደርሳል፤ ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን የሚበላ ነው።

የወተቱም ነገር ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የአፍላቶክሲን መጠናቸው በአውሮፓ ኅብረት ከተፈቀደው በታች የሆኑት 9ኙ ብቻ ነበሩ። መነሻው በዋናነት ሻጋታ የያዘ የኑግ ፋጉሎ ነው። ሻጋታ ኦርጋኒክ የሆነውንና ያልሆነውን አይለይም። የጥራጥሬም ጎተራ እንዲሁ ነው፤ ማሳ ላይ ምንም ያልተረጨ ሽምብራ በመጋዘን ውስጥ ለነቀዝ የሚጣለውን መርዛማ ክኒን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ «ያለ ኬሚካል» የሚለው ጥያቄ ከማሳው እስከ ጎተራው፣ ከውኃው እስከ መኖው ድረስ መዝለቅ ይኖርበታል።

ከሱፐርማርኬቱ ወገን

የሱፐርማርኬት ባለቤቶችን በክፉ ዐይን ማየት ቀላል ነው፤ ችግራቸውን መረዳት ግን ይበልጥ ይጠቅማል። አብዛኞቹ አትክልታቸውን የሚያገኙት ከጅምላ ገበያ በደላላ በኩል ነው። በአንድ መኪና ላይ የአሥር ገበሬ ቲማቲም ተቀላቅሎ ይመጣል፤ የትኛው መቼ እንደተረጨ የሚያውቅ የለም። ባለሱፐርማርኬቱ በየቀኑ ተመሳሳይ መጠን ይፈልጋል፤ ኮምፖስት የሚጠቀመው ትንሽ አምራች ግን በአንድ ሳምንት ሞልቶ በሌላው ሳምንት ባዶ እጁን ሊመጣ ይችላል። የአትክልቱ ብልሽት የሚቆጠረው በመደብሩ ኪሳራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብልሽቱ ይጨምራል። በሌላ በኩል አምራቹ ገንዘቡን ዕለቱን ሲፈልግ፣ መደብሩ ከሳምንታት በኋላ መክፈል ለምዷል። እነዚህ ሁሉ ሳይፈቱ «ኦርጋኒክ ለምን አትይዙም?» ብሎ መውቀስ ውጤት አያመጣም።

ስለሆነም መጀመር የሚገባው ከማይበላሸው ነው። ቡና፣ ማር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ቅመማ ቅመም፤ እነዚህ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም፣ ምንጫቸውን ለይቶ ማሸግም ይቻላል፣ ብዙዎቹም በኢትዮጵያ ያለ ብዙ ኬሚካል የሚመረቱ ናቸው። ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ መግዛት ደላላውን ስለሚያስቀር የዋጋውን ልዩነት በከፊል ያካክሳል። አትክልቱ ሊከተል የሚችለው አምራቹና መደብሩ ከተማመኑ በኋላ ነው። ለዚህም አመቺው ወቅት የዐቢይ ጾም ነው። በእነዚያ 55 ቀናት የአትክልትና የጥራጥሬ ፍላጎት ከፍ ይላል፤ በመደርደሪያ ላይ የሚቆይበት ጊዜም ስለሚያጥር የብልሽቱ ሥጋት ይቀንሳል። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቅጠላ ቅጠል ከታወቁ አምራቾች ተቀብሎ በዚህ ወቅት መሞከር ለአንድ መደብር ከባድ ሸክም አይሆንም።

ምስክር ወረቀትን በተመለከተ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ መርማሪ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያመርት ገበሬ ሊሸከመው አይችልም። በሌሎች አገሮች ለዚህ የተገኘው መፍትሔ አሳታፊ የዋስትና ሥርዓት የሚባለው ነው፤ አምራቾች፣ ገዢዎችና ባለሙያዎች በጋራ ማሳውን እየጎበኙ አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። በብራዚልና በሕንድ በሰፊው ይሠራበታል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2007 የጋራ የኦርጋኒክ ደረጃ አውጥተው «ኪሊሞሃይ» የሚል ምልክት በመጠቀም ላይ ናቸው። ዕድርና ዕቁብን ለትውልዶች በመተማመን ሲያስተዳድር ለኖረ ማኅበረሰብ ይህ ዓይነቱ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም።

የሸማቹ ድርሻ መጠየቅ ነው፤ ጥያቄው ግን የተለየ መሆን አለበት። «ኦርጋኒክ አላችሁ?» ለሚል ጥያቄ የመደብሩ ሠራተኛ «አለን» ብሎ መመለስ አይከብደውም። «ይህ ቲማቲም ከየት መጣ? ለመጨረሻ ጊዜ የተረጨው መቼ ነው? በምን ውኃ ለማ?» የሚለው ግን ለሥራ አስኪያጁ ይደርሳል። በአንድ ሳምንት ሃያ ሰዎች ይህን ከጠየቁ ሥራ አስኪያጁ ደላላውን መጠየቁ አይቀርም። ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከግለሰብ ይበልጥ አቅም አላቸው፤ የምግብ ግዥ ጨረታ ሲያወጡ የምርቱ ምንጭ እንዲገለጽ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ የሚቀርበው መጠን ከፍተኛ በመሆኑ አቅራቢዎች መዝገብ መያዝ ይጀምራሉ።

በመጨረሻም የምርመራው ጉዳይ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ኬሚካሉ ወደ አገር ሲገባና ሲሸጥ ለመቆጣጠር፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የምግቡን ደኅንነት ለማስጠበቅ የወጡ ናቸው። ናሙና መርምሮ ውጤት ለመስጠት እንደ ኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ያሉ ተቋማት ስላሉ፣ አንድ ሱፐርማርኬት ከሚሸጣቸው አትክልቶች ጥቂት ናሙናዎችን በየሩብ ዓመቱ አስመርምሮ ውጤቱን በመደርደሪያው አጠገብ መለጠፍ ይችላል። ወጪው ለአንድ መደብር ከበዛ አምስት ወይም ስድስት መደብሮች ተባብረው ሊጋሩት ይችላሉ። ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ሲገኝ ያንን አቅራቢ ለአንድ ወቅት ማገድና ምክንያቱን ለገበሬው መግለጽ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያው ቲማቲም በሌላ ደላላ በኩል ወደ ጉልት ይወርዳል፣ የሚገዛውም አቅሙ ያነሰው ሸማች ይሆናል።